ተራ ቁጥር ዘጠኝ

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይላሉ። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ቂም ይዤ ጸልያለሁ፤ ጸሎቴም ተሰምቷል። እንዴት እንደተሰማ ልንገራችሁና አሜን ማለት አለማለቱን ለእናንተ ልተወው።

የምሠራው በጦር ሠራዊት ሆስፒታል፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ማዕረጌ ሃምሳ አለቃ፣ ሥራዬ ጸሐፊ። ክፍሌ ከደረጃው ሥር ናት፤ ሰው ሲወጣና ሲወርድ ከጫማው ድምፅ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሦስት የብረት ቁም ሣጥን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማኅተም፣ አንዲት ትንሽ መስኮት አሉኝ። መስኮቷ የምታሳየኝ የቀዶ ሕክምና አንሶላ የሚሰጣበትን ገመድ ብቻ ነው። አባቴ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። «ቃል እንደ ልብስ ነው፤ ሳይተኮስ ከቤት አይወጣም» ይል ነበር። ይኸው አመል ወደ እኔ ተጋብቶ፣ አለቃ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲነግረኝ አሳምሬ አሽሞንሙኜ ካልጻፍኩት እጄን ይበላኛል። ይህን አመሌን አትርሱብኝ።

ታሪኩ ግን የዶክተር ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪም ሞልቷል፤ «ዶክተር» ብቻ ተብሎ ከተጠራ ግን እሷ ናት። ፊት ለፊት እርስዎ እላታለሁ፤ በልቤ እንደ እህቴ ስለማያት እዚህ እንዲሁ እሷ እያልኩ ልቀጥል። ቀዶ ሐኪም ናት፣ ማዕረጓ ሻምበል። ወታደሮቹ «መርፌዋ» ነው የሚሏት። ሆዱን ከፍታ የዘጋችለት አንድ መትረየስ ተኳሽ፣ «ቆስዬ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ጠባሳ እንኳ አላስቀረችልኝም!» እያለ ሲያማርር ሰምቼዋለሁ። አጠር ያለች፣ የሟች አባቷን ትልቅ የወንድ ሰዓት የምታስር፣ እጇን ከሌሎቹ ሐኪሞች ሁለት እጥፍ የምትታጠብ ሴት። ለምን አታገቢም ሲሏት «ተረኛ ነኝ» ትላለች። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው።

ይህች ሴት ሻምበል እንደሆነች አሥራ አንድ ዓመት ቆመች። አብረዋት የተመረቁት ሻለቃ ሆኑ፣ ሌተና ኮሎኔል ሆኑ፤ መቀስ አያያዝ ያስተማረቻቸው ሳይቀሩ አለፏት። የሠራዊቱ ደንብ ደግሞ አንጀት የለውም። አርባ አምስት ዓመት የሞላው ሻምበል፣ ሐኪምም ይሁን ሾፌር፣ ጡረታ ይወጣል። ሻለቃ ከሆነች ሌላ አሥር ዓመት ትሠራለች፤ ካልሆነች ጓንቷን አውልቃ ወደ ቤቷ። የግል ሆስፒታል ትግባ ትሉ ይሆናል። እኔም ብያት ነበር፤ «እኔ ወታደር ነው የምሰፋው» ብላ ዘጋችኝ።

የሆስፒታሉ አዛዥ ኮሎኔል ነው። በሙያው እሱም ቀዶ ሐኪም ነው፤ እጁ ከቢላ ጋር ከተለያየ ግን ቆይቷል። ያየውን ሰው ሁሉ «ይበል! ይበል!» እያለ ስለሚያመሰግን ስሙ ኮሎኔል ይበል ሆኖ ቀረ። ጽዳቷን ይበል፣ ዘበኛውን ይበል፤ ሬሳ ክፍል ቢገባ እንኳ ይበል ሳይል አይወጣም እያሉ ይቀልዱበታል። አንቱታውን ፊት ለፊት እንጂ እዚህ አልሰጠውም። ዶክተር የሠራችው ከባድ ቀዶ ሕክምና ወደ ጠቅላይ መምሪያ ሪፖርት ሲደረግ የመጀመሪያው ስም የእሱ ነው። እሷ ሰፋች፣ እሱ ለበሰ።

አሁን ስለ ቅጹ ልንገራችሁ። በየዓመቱ ለማዕረግ ዕድገት የሚሞላ ቅጽ አለ። ከአንድ እስከ ስምንት ያለው ስለ ሥራና ስለ ሥነ ምግባር ነው። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ግን እንዲህ ይላል፤ «መኮንኑ ከምድቡ ቢነሳ በክፍሉ ላይ የሚደርሰው ጉዳት።» ሻለቃ የሆነ ሐኪም የግድ ወደ ሌላ ሆስፒታል ስለሚዛወር ነው የሚጠየቀው። አዛዡ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እሱ ይፈርማል፣ በሰም ይታሸጋል፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ባለጉዳዩ አያየውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ስለ ዶክተር ኮሎኔሉ በየዓመቱ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር። «ዘጠኝ ላይ፣ መጠነኛ ችግር ይፈጠራል በል።» እኔ ሰውየው ሊያመሰግናት ፈልጎ ቃል ያጠረው መሰለኝ። መጠነኛ ችግር! ለእንዲህ ያለች ሴት! ስለዚህ እንዲህ አድርጌ ተኮስኩት፤ «እርሷ ከሌለች የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይዘጋል፤ የሚተካት ሐኪም በዚህ ሠራዊት ውስጥ አልተወለደም።» ኮሎኔሉ ሳያነብ ፈረመ። አሥራ አንድ ጊዜ ጻፍኩ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ፈረመ። በየዓመቱም ኮሪደር ላይ ሳገኛት ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ዶክተር፣ ዘንድሮ የተጻፈልዎትን ቢያዩት እንባዎ ይመጣል» እላት ነበር። ፊቷ ይፈካ ነበር። እናቷ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የሻለቃ ምልክት ገዝተው በአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ካስቀመጡ ስምንት ዓመታቸው ነው። የሻምበሉን ምልክት ትከሻዋ ላይ ሲሰፉት ላላ አድርገው ነበር የሰፉት፤ ለመፍታት እንዳያስቸግር።

ዓምና የማዕረግ ኮሚቴው ሲቀመጥ ጸሐፊ አነሰውና ለሁለት ሳምንት ወደ ጠቅላይ መምሪያ ተላክሁ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ቅጽ የሞላባቸው ጆንያዎች፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ አንድ ሻለቃ። ሻለቃው ፖስታውን ይቀድዳል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሦስተኛው ገጽ ይሄዳል፣ ዘጠኝን ያያል፣ ይወረውራል። ሦስት ክምር ነበረው።

«ጌታዬ፣ ክምሩ ምንድን ነው?» አልኩት።

«በስተቀኝ ምንም ጉዳት የለም የተባሉት። እነሱ ያልፋሉ። መሐል ያሉት መጠነኛ ችግር የተባሉት፤ ይነበባሉ፣ ይመከርባቸዋል።»

«በስተግራስ?»

«ክፍሉ ይዘጋል የተባሉት። እነሱ አይነበቡም። ክፍል ዘግተን ማዕረግ አንሰጥም።»

«አዛዦቹ ይህን ያውቃሉ?»

ሻለቃው ሳቀ። «ያንተ ኮሎኔል እኮ እዚህ ወንበር ላይ ሦስት ዓመት ተቀምጧል!»

በዓይኔ ፈለግሁ። እኛው ጋ ቀዶ ሐኪም የሆነው፣ ለሻምበልነት የታጨው የኮሎኔሉ የእህቱ ልጅ ቅጽ በስተቀኝ ነበር። ያንን ልጅ ዶክተር ናት ከዜሮ ያስተማረችው፤ ከሄደ ማንም እንደማይጎዳ እኔም እመሰክራለሁ። ኮሎኔሉ ያን ቀን «ምንም በል፤ አንዲት ቃል እንዳትጨምር» ብሎ አጠገቤ ቆሞ አጻፈኝ፤ እኔም ለልጁ አዝኜ ነበር። የዶክተር ቅጽ በስተግራ ነበር፣ ከሁሉም ሥር፣ ሳይነበብ። ኮሎኔሉ የቀዶ ሕክምና እጇን ላለማጣት ሆን ብሎ መሐል ላይ ሲያንጠለጥላት ኖሯል። ወደ ግራ የወረወርኳት ግን እኔ ነኝ። እሱ በሩን ገርበብ አድርጎባት ነበር፤ የቆለፍኩት እኔና የአባቴ አመል ነን።

ደሜ ፈላ። በማን ላይ እንደሚፈላ ግን ወዲያው መረጥኩ።

ስመለስ ዶክተርን ያገኘኋት እጅ መታጠቢያው ጋ ነው። የዚያ ዓመት ዕድል አልፏል፣ አንድ ብቻ ቀርቷታል። ስለ ክምሮቹ ነገርኳት፣ ስለ እህቱ ልጅ ነገርኳት፣ ኮሎኔሉ እያወቀ እንደያዛት ነገርኳት። የራሴን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

«ምን ብሎ ነው የጻፈው? ቃሉን ንገረኝ።»

ቃሉን ነገርኳት። ቃሌን።

«የሚተካት ሐኪም አልተወለደም» ብላ ደገመችው። «አሥራ አንዱንም ዓመት?»

«አሥራ አንዱንም።»

ቧንቧውን በክርኗ ዘጋች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አደረቀች። «ታውቃለህ ሃምሳ አለቃ፣ እኔ በሕይወቴ ሰው ጠልቼ አላውቅም ነበር» አለች። «ለካ ደስ ይላል።»

ከስምንት ወር በኋላ ኮሎኔል ይበል ለብርጋዴር ጄኔራልነት ታጨ። የጄኔራሎቹ ኮሚቴ የሚቀመጠው ከሌላው መኮንን ሁለት ወር ቀድሞ ነው፤ ስለ ዕጩው ደግሞ የየክፍሉ ኃላፊዎች ያንኑ ቅጽ ሞልተው፣ ፈርመው፣ አሽገው ይልካሉ፤ ከእነሱ አንዱ ብቻ በስተግራ ከወደቀም ዕጩው ይቀራል። ዶክተር የቀዶ ሕክምና ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ነበረች፤ እዚህ ቤት ተጠባባቂነትም አሥራ አንድ ዓመት ይፈጃል። ኮሎኔሉ ከሄደ ወንበሩን የሚይዘው ምክትሉ ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ፈሪሃ እግዜር ያለው ሰው። «እኔ እዚያ የተቀመጥኩ ዕለት ያንቺ ዘጠኝ ቁጥር ምንም ነው» ብሎ ቃል ገብቶላታል። መንገዱ ወለል ብሎ ነበር። «ምንም» ብላ ጽፋ ሰውየውን ትሸኘዋለች፤ እሱ ወደ ላይ ሲወጣ እሷም ሻለቃ ትሆናለች። ቅጹን እየሳቅሁ ነው የወሰድኩላት።

በማግስቱ ከደረጃው ሥር ጎንበስ ብላ ገባች፣ ወንበር ስቤላት ተቀመጠች።

«ጻፍ» አለችኝ። ከአንድ እስከ ስምንት ሙገሳ አወረደችለት። እንዲህ ያለ መሪ፣ እንዲህ ያለ አባት። ከዚያ፣ «ዘጠኝ» አለች። «እርሳቸው ከሌሉ ሆስፒታሉ ይዘጋል፤ የሚተካቸው አዛዥ በዚህ ሠራዊት ውስጥ አልተወለደም።»

እጄ ቆመ።

«ዶክተር፣ እባክዎ። ይሂድ! እሱ ካልሄደ የእርስዎን የሚሞላው ራሱ ነው። የመጨረሻ ዓመትዎ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ነው ወይስ ጄኔራል ሆኖ የሌሎቹንም ሐኪሞች እንዳያሰቃይ ብለው ነው?»

«ሰበብ አትፈልግልኝ» አለች። «ቅድስት አይደለሁም። እንዲቀመጥ ነው የምፈልገው። እንደ እኔ። በየዓመቱ እየተመሰገነ፣ እየተመሰገነ፣ እዚያው ወንበር ላይ እንዲያረጅ።»

«እናትዎስ? ያ በቆርቆሮው ያለው…»

«ነግሬያታለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አለችኝ። ከዚያ ቆርቆሮውን መደርደሪያው ላይ መለሰችው።»

ያን ጊዜ አንዲት ቃል ብተነፍስ ኖሮ ቂሟ ግማሽ ይሆን ነበር። ግማሹ ግን ወደ እኔ ይዞር ነበር። ጻፍኩ። ፈረመች። አሸግሁት።

ደብዳቤው ሲመጣ ኮሎኔሉ የጄኔራል ኮፍያ ለክቶ ጨርሶ ነበር፤ እንኳን ደስ ያለዎት የሚሉ ስልኮችንም ሲቀበል ሰንብቷል። ደብዳቤውን ለሌላ ሰው አልሰጠሁም፣ ራሴ ይዤለት ወጣሁ። ሰላምታ ሰጥቼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ ፊቱን ለማየት። «ለሆስፒታሉ እጅግ አስፈላጊ ሆነው ስለተገኙ በያዙት ምድብ እንዲቀጥሉ» ይላል። አንድ ጊዜ አነበበው። ደግሞ አነበበው። የትኛው ክምር ላይ እንደወደቀ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጆሮው ቀላ፣ ከንፈሩ ነጣ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም እያልኩ በሆዴ ዘፈንኩ።

«ማነው?» አለ። እኔን አልነበረም የጠየቀው። የክፍል ኃላፊዎቹን በጣቱ ቆጠረ። ሦስቱ የራሱ ሰዎች ናቸው። አራተኛዋ ጣት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የዚያችን ሴት ቅጽ አምጣ!»

«ጊዜው ገና ነው ጌታዬ…»

«አምጣ አልኩህ!»

አመጣሁ። ቢሮው ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱ ከበር እስከ መስኮት ይመላለሳል። «ጻፍ! ዘጠኝ ቁጥር። ምንም! ምንም በል! ብትሄድ ማን ይጎዳል? ዝንብ አትጎዳም! ከዚህች ሴት በፊት ሆስፒታል አልነበረም? ምንም!» ንዴት ደንብ አያስታውስም። እኔ ግን አስታወስኩ። ከአንድ እስከ ስምንት ያለውን የዓምናውን ምስጋና ገለበጥኩ፤ ዘጠኝ ላይ ሦስት ፊደል ጻፍኩ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አላሳመርኩም፣ አልተኮስኩም። እንደ ልማዱ ሳያነብ ፈረመ። ሰሙን ሳቀልጥ ጣቴን አቃጠለኝ፤ ሳልነፋው ወረድኩ። የመልእክት ሞተረኛው በር ላይ ነበር፤ ፖስታውን ቦርሳው ውስጥ ራሴ ከተትኩት።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ደረጃው ላይ የኮሎኔሉን ጫማ ሰማሁ። ሲሮጥ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ፖስታውን መልስ!»

«ሄዷል ጌታዬ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ዶክተር አርባ አምስት ዓመት ሊሞላት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ሻለቃ ሆነች። እናቷ ቆርቆሮውንና ትንሽ መቀስ ይዘው መጡ። ኮሪደሩ ላይ፣ ሕመምተኞች ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሻምበሉን ምልክት ፈቱት። በአንድ ጉተታ ወጣ። «አላልኩም?» አሉኝ። «ላላ አድርጌ ነው የሰፋሁት ልጄ።» እኔም እሳቸውም አለቀስን።

አዲሱን ምልክት ትከሻዋ ላይ ማድረግ ያለበት አዛዡ ነው፤ ደንብ ነው። በትንሿ አዳራሽ ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ ጽዳቷ ሁሉ ተሰበሰበ። እኔ ወረቀቱን ይዤ ሁለት እርምጃ ከኋላቸው ቆምኩ። ኮሎኔሉ ጎንበስ ብሎ ምልክቱን እያስተካከለ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «አንቺ ነሽ አይደል የጻፍሽው?» አላት።

«ቃሉ የእርስዎ ነው ጌታዬ» አለችው ቀጥ እንዳለች። «እኔ ቀዳሁት። አሥራ አንድ ጊዜ ከፈረሙበት። ክፍሉ ይዘጋል፤ የሚተካት ሐኪም አልተወለደም።»

የኮሎኔሉ እጅ ትከሻዋ ላይ ቀረ።

«እኔ?» አለ። ንዴቱ ጠፍቶ ግራ የገባው ሰው ሆነ። «እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም። እኔ ያልኩት መጠነኛ ችግር ነው።»

መጀመሪያ እሱ ዞሮ አየኝ። ቀጥላ እሷ። እንድክድ ጠበቀችኝ። አፌን ከፍቼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ፣ ቃል አጣሁ። ሰዉ ያጨበጭባል። ስትወጣ ሁሉንም ጨበጠች፤ እኔ ጋ ስትደርስ የዘረጋሁትን እጄን አይታ እጇን ወደ ኪሷ ከተተች። እናቷ ከኋላዋ መጥተው ጉንጬን ሳሙኝ፤ እሳቸው ገና አልሰሙም ነበር።

ከሄደች አምስት ወር ሆናት። መስኮቴ ስር ያለው ገመድ ላይ አንሶላ ካየሁ ሦስት ወር ሆነኝ። የእህቱ ልጅ ሁለት ሰው ካበላሸ በኋላ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ተቆልፏል፤ ቁስለኛው በመኪና አራት ሰዓት ተጉዞ እሷ ዘንድ ይሄዳል። ለካ ያ ዐረፍተ ነገር እውነት ነበር። ኮሎኔሉ የተዘጋ ክፍል ያለው ሆስፒታል አዛዥ ሆኖ፣ እሷ እንደፈለገችው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ይህን ሳስብ አሁንም ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

ባለፈው ሳምንት ግን የጫማው ድምፅ ደረጃውን ወርዶ አላለፈም። ኮሎኔሉ ጎንበስ ብሎ ክፍሌ ገባ፤ በዘመኑ ሁሉ ገብቶባት አያውቅም። ዘንድሮ የእኔም ተራ ነው። ለሻምበል ባሻነት ታጭቻለሁ፤ ይህንንም ካጣሁ በሚቀጥለው ዓመት በሃምሳ አለቃነቴ ጡረተኛ ነኝ። ቅጼን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ከደረት ኪሱ የራሱን ብዕር አወጣ።

«ዘጠኝን እኔ እሞላዋለሁ» አለ። «አንተ ቃል ታበዛለህ።»

ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ ተደግፎ፣ ቀስ ብሎ፣ ለካ እንዲህ ያምራል በሚያሰኝ የእጅ ጽሑፍ ጻፈው። ጽፎም ሲጨርስ እየጮኸ አነበበልኝ።

«እርሱ ከሌለ መዝገብ ቤቱ ይዘጋል፤ የሚተካው ጸሐፊ በዚህ ሠራዊት ውስጥ አልተወለደም።»

ቅጹን ወደ እኔ ገፋው።

«ይበል» አለኝ። «በል አሽገው።»

ሰሙን አቀለጥኩ። አሸግሁት።